ሥርዓት ባለው ክፍል ውስጥ ጥቃት ለምን የበለጠ ያማል?

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ነዋሪና የ11 ዓመት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ልጄ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረችው በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪዎች ነበሩ፤ ጩኸቱም፣ ስድቡም፣ መገፋፋቱም የየቀኑ ነገር ነበር። መነጽር ስለምታደርግ «አራት ዓይና» ይሏት ነበር፤ እሷ ግን ቤት መጥታ እየሳቀች ነበር የምትነግረን። ዘንድሮ እንደ ምንም ብለን በሥርዓቱ ወደሚመሰገን፣ በክፍሉ ወደ 30 ገደማ ልጆች ብቻ ወዳሉበት የግል ትምህርት ቤት አዛወርናት። እዚያ የሚሰድባት የለም። ሦስት ሴት ልጆች ብቻ ስትጠጋቸው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፣ በቡድን ሥራ አያስገቧትም፣ መነጽሯን እያዩ ይሳሳቃሉ። ይህች ጥቂት ነገር ልጄን ለወጠቻት። እሑድ ማታ ሆዷን ያማታል፣ እንቅልፍ አጥታለች፣ «ችግሩ እኔ ጋ ነው» ትላለች። ከባዱን ችላ ኖራ ቀላሉ እንዴት ጣላት? ልጄ ደካማ ሆና ነው? ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቷ ልመልሳት?

ምላሽ፦ የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ ከሌሎቹ ስለሚመነጭ ወደ ኋላ አቆየዋለሁ፤ ለሁለተኛው ግን ከአሁኑ ልመልስ። ልጅዎ ደካማ አይደለችም። ስድብ በተለመደበት ክፍል ውስጥ ቀና ብላ የኖረች ልጅ ስድብ በማይሰማበት ክፍል ውስጥ መጎዳቷ በልጆች ሥነ ልቦና ጥናት ዘንድ የታወቀ፣ ከ20 ዓመት በላይ ሲመረመር የቆየ ክስተት ነው። ምንጩም ከልጅቷ ጠባይ ይልቅ በክፍሉ አሠራር ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ሊስተካከል የሚችል ነው።

ስለ ሆድ ሕመሟ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በጣና ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች የልጅ ሆድ ሲያም ጃርዲያ፣ አሜባና የሆድ ትላትል፣ ውኃ ዳር ለሚውሉ ልጆች ደግሞ ብልሃርዚያ ቀድሞ ወደ አእምሯችን ቢመጣ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ የሰገራ ምርመራ አድርጋ ካልሆነ ታድርግ። ምርመራው ምንም ካላሳየ፣ ሕመሙም እሑድ ማታ እየመጣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚለቃት ከሆነ ግን መድኃኒት መቀያየር አይጠቅማትም። «ትምህርት ላለመሄድ ነው» ማለትም ስሕተት ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነውና። ጂያንሉካ ጂኒ እና ቲዚያና ፖዞሊ የተባሉ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በእኩዮቻቸው የሚጠቁ ልጆች እንደ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠትና የእንቅልፍ ማጣት ባሉ ችግሮች የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቁት ልጆች ቢያንስ እጥፍ ሆኖ አግኝተውታል።

በሁለቱ ትምህርት ቤቶች የደረሰባት ነገር ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። በዚህ መስክ ፈር ቀዳጅ የሆነው ዳን ኦልቬውስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ ባደረገው ምርምር አንድ ድርጊት የእኩዮች ጥቃት ለመባል ሦስት ነገሮችን ማሟላት እንዳለበት አስቀምጧል፦ ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑን፣ መደጋገሙንና በአጥቂውና በተጠቂው መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩን። ኃይል ማለት ክንድ ብቻ አይደለም፤ ቁጥርም፣ ተወዳጅነትም፣ ክፍሉን ቀድሞ ማወቅም ኃይል ነው። በቀድሞው ክፍል «አራት ዓይና» ያሏት ልጆች በተራቸው ሌላ ስም ነበራቸው፤ እሷም አውጥታላቸው ይሆናል። ያ ብልግና ቢሆንም በአመዛኙ ሁሉም የሚሰጡትና የሚቀበሉት ነበር። አሁን ግን ሦስት ሆነው፣ አብረው ያደጉና በክፍሉ ስም ያላቸው ልጆች፣ አንዲትን አዲስ ገቢ በየቀኑ ሲያገልሉ ሦስቱም መመዘኛዎች ይሟላሉ። ድምፅ የሌለው መሆኑ ቀላል አያደርገውም። እንዲያውም የተሰደበች ልጅ «ሰደበችኝ» ብላ መክሰስ ትችላለች፤ ወሬ የተቋረጠባት ልጅ ግን ምን ብላ ትከሳለች?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅ ሲጠቃ «ለምን እኔን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። መልሱንም በአብዛኛው ከአዋቂ ማብራሪያ አይወስድም፤ ዓይኑን አንሥቶ ክፍሉን በማየት ያገኘዋል። ከ60 በላይ ልጆች በታጨቁበት፣ በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ሆነው በሚቀመጡበት፣ ወፍራሙም ቀጭኑም፣ አጭሩም ረጅሙም፣ ከገጠር መጥቶ አነጋገሩ የተለየውም ሁሉ ቅጽል ስም በወጣለት ክፍል ውስጥ ዞር ብላ ያየች ልጅ መልሱን በቀላሉ ታገኛለች፦ «እነዚህ ልጆች ተሳዳቢዎች ናቸው፤ ማንንም አይምሩም።» ጥፋቱ ከእሷ ውጭ ስለሆነ ቤት ገብታ ልትስቅበት ትችላለች። አሁን ባለችበት ክፍል ዞር ስትል የምታየው ሌላ ነው። ልጆቹ ተከባብረው ይጫወታሉ፣ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ይጎራረሳሉ፣ መምህራኑም ስለ ጨዋነታቸው ያመሰግኗቸዋል። የተገለለች እሷ ብቻ ናት። ሁሉም ጥሩ በሆነበት ቦታ እሷ ብቻ ከተጎዳች፣ በ11 ዓመት አእምሮ ሊገኝ የሚችለው መልስ አንድ ነው፤ እሱንም በራሷ ቃል ነግራዎታለች።

ሳንድራ ግራሃምና ያና ዩቮነን የተባሉ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ልጆች ራሳቸውን የሚወቅሱባቸውን ሁለት መንገዶች ለይተዋል። አንደኛው ድርጊትን መውቀስ ነው፤ «ያን ጊዜ እዚያ ባልቆም ኖሮ» እንደሚል ልጅ። ይህ ነገ ሌላ ቦታ መቆም ይቻላል የሚል ተስፋ ስላለው ያን ያህል አይጎዳም። ሁለተኛው ማንነትን መውቀስ ነው፤ «እኔ እንዲህ ስለሆንኩ ነው» የሚል። ማንነት ደግሞ ነገ ጠዋት የሚቀየር አይደለም፤ ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ወቀሳ ከብቸኝነት፣ ከጭንቀትና ራስን ዝቅ አድርጎ ከማየት ጋር ተያይዞ ይገኛል። ኤሚ ቤልሞር ከእነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎችና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ጥናት ደግሞ ሥርዓት በሰፈነባቸው ክፍሎች ውስጥ የሚጠቁ ልጆች፣ ረብሻ በበዛባቸው ክፍሎች ከሚጠቁት ይልቅ ጥቃታቸው ከብቸኝነትና ሰው ፊት ከመፍራት ጋር በጠነከረ ሁኔታ ተያይዞ ታይቷል። ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ሰው ራሱን የሚመዝነው ከሌሎች ጋር በማነጻጸር ነው ሲል ያስቀመጠው ሐሳብም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ የልጅዎ መመዘኛ ተቀየረባት እንጂ እሷ አልተቀየረችም።

በኔዘርላንድስ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ይህንኑ ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል። ኪቫ የተባለውን በፊንላንድ የተዘጋጀ ፀረ ጥቃት መርሐ ግብር ተግባራዊ ባደረጉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ፣ መርሐ ግብሩ እያለም ጥቃቱ ያልተቋረጠላቸው ጥቂት ልጆች፣ መርሐ ግብሩ በሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ካሉ መሰሎቻቸው የባሰ የድባቴ ስሜትና ዝቅ ያለ ለራስ የሚሰጥ ግምት ታይቶባቸዋል። ባለሙያዎች ይህን «የጤናማው አካባቢ ተቃርኖ» ይሉታል።

ይህን ያነበበ ወላጅ ወይም ርእሰ መምህር ችኩል መደምደሚያ ላይ እንዳይደርስ እሰጋለሁ። ረብሻ የበዛበት ክፍል ለልጆች ይሻላል ማለት በጭራሽ አይደለም። በዚያ ክፍል የሚጎዱት ልጆች ብዙ ናቸው፤ እዚህ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን የጥቂቶቹ ጉዳት ጠለቅ ያለ ነው፣ ለዓይንም አይታይም፤ መምህሩ «በእኔ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ በቅንነት ያምናልና። አስተያየቴን በግልጽ ልናገርና፣ በከተማችን በሥርዓታቸው የሚመሰገኑ ትምህርት ቤቶች መሠረታዊ ድክመት ብዬ የማየው ይህን ነው፦ ጸጥታን ከደኅንነት ጋር አንድ አድርገው ይቆጥሩታል።

አሁን ደግሞ ስለ ሦስቱ ልጆች ትተን ስለ ቀሩት እንነጋገር፤ የጉዳቱ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በእነሱ ነውና። የፊንላንዷ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ክርስቲና ሳልሚቫሊ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበችው ጥናት፣ ጥቃት የሁለት ሰዎች ጉዳይ እንዳልሆነና እያንዳንዱ የክፍሉ ልጅ በውስጡ ድርሻ እንዳለው አሳይታለች። ከአጥቂውና ከተጠቂው ሌላ አጥቂውን የሚያግዙ አሉ፤ እየሳቁና እያዩ የሚያሞቁለት አሉ፤ ገለል ብለው ዝም የሚሉ አሉ፤ ለተጠቂው የሚቆሙ አሉ። በካናዳ ደግሞ ዴብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ ከባልደረባቸው ጋር የትምህርት ቤት ቅጥር ግቢን በካሜራና በልጆቹ ላይ በሚደረግ ማይክሮፎን እየቀረጹ ያዩት አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው በዚህ ሥራ ከ100 የጥቃት ክስተቶች በ88ቱ ሌሎች ልጆች በቦታው ነበሩ፤ ጣልቃ የገቡት ግን በ19ኙ ብቻ ነው። ልጆች ጣልቃ ከገቡባቸው አጋጣሚዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት፣ ማለትም በ57 በመቶው፣ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል።

ለተጎዳች ልጅ የቀሪዎቹ ዝምታ ባዶ አይደለም። ሦስቱ ሲሳሳቁ ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ካቀረቀሩ እሷ «ሁሉም እንደዚያ ያስባሉ» ብላ ትተረጉመዋለች። እውነታው ብዙ ጊዜ የተለየ ነው፤ ዝም ካሉት አብዛኞቹ ድርጊቱን አይወዱትም፤ ሆኖም እያንዳንዷ ልጅ የማትወደው እሷ ብቻ እንደሆነች ስለምታስብ አፏን ትይዛለች። በእኛ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ዝምታውን የሚያጸና አንድ ነገር አለ፤ «አሳባቂ» መባል። ለመምህር የነገረች ልጅ ከአጥፊዋ በላይ የምትናቅበት ባህል አለ፤ አንዳንድ መምህራንም «ነገር አታመላልሱ» በማለት ሳያውቁ ያጠናክሩታል። ክፍሉን አለመረበሽና ጓደኛን ለማስጣል ብሎ መናገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልጆች ካልተማሩ፣ ጨዋ የተባለው ክፍል ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ያስተምራል።

አንዲት ልጅ ብቻ ለሌላዋ መቆሟ ምን ያህል እንደሚለውጥ ሰዎች ዝቅ አድርገው ይገምታሉ። በፊንላንድ ከተደረጉት ጥናቶች በአንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው፣ ቢያንስ አንድ የክፍል ጓደኛ የሚቆምላቸው ተጠቂ ልጆች ማንም ከማይቆምላቸው ይልቅ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ያነሰ፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምትም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ተከላካይዋ ጥቃቱን ማስቆም እንኳ ላትችል ትችላለች። «ነይ እኛ ጋ ተቀመጪ» ማለቷ ግን «ለምን እኔን?» ለሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ ይሰጣል፤ ጥፋቱ የእነሱ ነው ብሎ የሚመሰክር ሰው በክፍሉ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

መምህሩ የዚህ ሁሉ ማዕከል ነው፤ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ብናገር አይክፋዎት። ልጆች መምህሩ ስለ ጥቃት ምን እንደሚያስብ የሚያውቁት ከንግግሩ ሳይሆን ከትንንሽ ልማዶቹ ነው። የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ መምህሩ ሲገባ የተጻፉትን ሲያስወጣ፣ የክፍሉ ሥርዓት ድምፅን ብቻ እንደሚቀጣ ይማራሉ፤ በዝምታ ያገለለች ልጅ ስሟ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። መምህሩ ራሱ ለማሳቅ ብሎ ተማሪን በቅጽል ስሙ ሲጠራ ስሙ ይጸድቃል። የፈተና ውጤት ሲመለስ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በስም እየተጠራ ደረጃ ሲነገር፣ ከላይ ያሉት ከታች ያሉትን የመናቅ ፈቃድ ያገኙ ይመስላቸዋል። ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ተወዳጅነት በጥቂት ልጆች እጅ ተከማችቶ በእኩልነት ባልተከፋፈለባቸው ክፍሎች ጥቃት ከጊዜ ጋር እየጨመረ እንደሚሄድ ታይቷል፤ ጥናቱ የተሠራው በፊንላንድ ቢሆንም ክፍሎቻችንን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

የቡድን ሥራን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ «አምስት አምስት ሆናችሁ ተቧደኑ» ብሎ ፊቱን ወደ ሰሌዳ ሲያዞር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ግን ማን ተፈላጊ፣ ማን ተራፊ እንደሆነ በክፍሉ ሁሉ ፊት ይታወጃል፤ ያልተፈለገችው ልጅም በመጨረሻ «እሷን አንዳችሁ ጨምሯት» ተብላ በትእዛዝ ትገባለች። ልጅዎ «አያስገቡኝም» ያለችዎት ይህንን ነው ብዬ እገምታለሁ። መምህሩ ቡድኖቹን ራሱ ቢደለድልና በየጥቂት ሳምንቱ ቢቀያይር ይህ የአደባባይ ፍርድ ጨርሶ ይቀራል፤ ወጪ የለውም፣ ስብሰባም አይጠይቅም። የመቀመጫ ድልድልም እንዲሁ ነው።

የመምህር ጣልቃ ገብነት ሊያባብስ የሚችልበትም ጊዜ አለ። የተለመዱት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም እንዳይፈቅዱ እመክራለሁ። አንደኛው አራቱንም ልጆች በክፍል ፊት አቁሞ «ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ» ማለት ነው፤ እርቅ በእኛ ዘንድ የከበረ ነገር ቢሆንም የሚሠራው በተጣሉ እኩያዎች መካከል ነው፤ አንዷ አጥቂ ሌላዋ ተጠቂ ስትሆን ግን የተበደለችውን ይቅርታ ሰጪ ሳይሆን ተካፋይ ጥፋተኛ ያደርጋታል። ሁለተኛው «ችላ በያቸው» ብሎ መመለስ ነው። ሦስተኛው አጥፊዎቹን በጠዋት ሰልፍ ላይ ማዋረድ ወይም መምታት ነው። ይህኛው በሕግም የተከለከለ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ በአካል ከሚፈጸምና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከዚያም ባሻገር፣ በሰልፍ ላይ የተዋረደች ልጅ ብድሯን የምትመልሰው መምህር በማያይበት በሰርቪስ ውስጥ ወይም በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከልጅዎ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ልበል። በመነጽር ምክንያት የሚገለል ልጅና በመጣበት ማኅበረሰብ ምክንያት የሚገለል ልጅ አንድ አይደሉም። በጣና ዳር የሚኖሩት፣ በደንገል ታንኳ ሥራቸው የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ልጆች ከዘመናት በፊት ጀምሮ የቆየ መገለል እስከ ትምህርት ቤት ይከተላቸዋል። ጄኒፈር ክሮከርና ብሬንዳ ሜጀር እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳስረዱት፣ በቡድን ማንነቱ የሚናቅ ሰው ንቀቱን የናቂዎቹ ጭፍንነት አድርጎ ከተረዳው ለራሱ ያለው ግምት ሊጠበቅለት ይችላል። ልጅ ግን እንዲህ ለመረዳት አብሮት የሚረዳ መሰሉን ይፈልጋል። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛ የሆነ ልጅ፣ ከሩቅ ወረዳ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረውም ሆነ ትምህርት ተቋርጦበት ከርሞ ከታናናሾቹ ጋር የተቀመጠው፣ ያንን መሰል ስለማያገኝ ጉዳቱን ለብቻው ይሸከማል። ስለዚህ ክፍል ሲደለደል እንዲህ ያሉ ልጆችን አንድ በአንድ ከመበተን ሁለት ሦስት አድርጎ መመደብ የተሻለ ይመስለኛል።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። በቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ «ችግሩ እኔ ጋ ነው» የሚለውን ቃሏን መስማት ነው። «አይ፣ አንቺ ቆንጆ ነሽ፣ ጎበዝ ነሽ» ብለው አይሸፍኑት፤ ልጅ የሚፈልገው ምስጋና ሳይሆን የተሻለ ማብራሪያ ነው። እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፦ «አብረው ብዙ ዓመት የቆዩ ልጆች አንዳንዴ አዲስ ሰው ሲመጣ ቦታቸውን የሚወስድባቸው ይመስላቸዋል። አንቺ ያጠፋሽው የለም። ሌሎቹም ዝም ያሉት ስለጠሉሽ ሳይሆን ስለፈሩ ሊሆን ይችላል።» ይህን አንድ ቀን ብለው አይጨርሱትም፤ መደጋገም አለበት። በየማታው «ዛሬስ ምን አደረጉሽ?» እያሉ መጠየቅ ግን ቀኗን በሙሉ በእነሱ ዓይን እንድታይ ያደርጋታል፤ «ዛሬ ከማን ጋር አወራሽ?» የሚለው ይሻላል። «እኛ በልጅነታችን ስንቱን ችለናል» የሚለውንም ይተውት፤ ደካማ ነኝ ለሚለው ጥርጣሬዋ ማረጋገጫ ይሆንባታል።

ሁለተኛው አንዲት ጓደኛ ማፍራት ነው። ብዙ ጓደኞች አያስፈልጓትም። ኧርነስት ሆጅስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት አንድ የቅርብ ጓደኛ መኖር ጥቃት እየተባባሰ የሚሄድበትን ዑደት እንደሚያቋርጥ አሳይተዋል። ከክፍሏ ውስጥ ገለል ያለች፣ ከሦስቱ ጋር ያልተሰለፈች አንዲት ልጅ እንዳለች ስሟን ጠይቋት፤ እናቷን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተዋውቃችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ አብረው ጣና ዳር እንዲንሸራሸሩ ወይም ቤት መጥተው እንዲጫወቱ አመቻቹ። በአንድ ባጃጅ የሚመላለሱ ቢሆኑ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ጓደኝነት በክፍል ውስጥ ከሚጀመረው ይልቅ በመንገድ ላይ የሚጀመረው ይበዛል፤ ሰኞ ጠዋትም ግቢው ውስጥ ብቻዋን አትገባም።

ሦስተኛው ስም ጠሪ መምህሯን ማነጋገር ነው። በልጆች ፊት ወይም በስልክ አይሁን፤ ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ። «ልጄ ተጠቃች» ብለው ከጀመሩ መምህሯ ክፍሏን ለመከላከል ትነሣለች፤ ክፍሏ ጨዋ ነውና። ይልቁንም ያስተዋሉትን በቀንና በቦታ ይንገሯት፤ የትኛው ቀን የቡድን ሥራ ላይ ምን ሆነ፣ እረፍት ሰዓት ላይ ማን ምን አለ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቋት፦ ቡድኖቹን ራሷ እንድትደለድል፣ ልጅዎን ደግ ከሆነች ልጅ አጠገብ እንድታስቀምጥ፣ ሦስቱን ልጆች ደግሞ አንድ በአንድ፣ ለየብቻ፣ ያለ ቁጣ እንድታነጋግራቸው። በኪቫ መርሐ ግብር ውስጥም ከአጥፊዎቹ ጋር የሚደረገው ውይይት በተናጠል ይጀመራል፤ አብረው ሲሆኑ የሚበረቱ ልጆች ለየብቻ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ ድርጊቱን ራሳቸውም እንደማይወዱት ይገኛል። የሦስቱን ልጆች ወላጆች ግን እርስዎ በቀጥታ አይጋፈጧቸው፤ ጉዳዩ በትልልቆች መካከል ጠብ ሆኖ ልጆቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል። መምህሯ ካልሰማችዎ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያም ወደ ወላጅና መምህር ኅብረቱ ይሂዱ።

ይህን ሁሉ እያደረጉ አንዳንድ ምልክቶችን ይጠብቁ። ትወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ከተወች፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብና እንቅልፍ ካጣች፣ ትምህርት ቤት ሲባል የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይውሰዷት። «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ዓይነት ቃል ካወጣች ወይም ራሷን ከጎዳች ደግሞ ቀን ሳይቆጥሩ፣ በዚያው ዕለት፤ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ማግኘት ይቻላል።

በመጨረሻ፣ ልመልሳት ወይ ላሉት። አሁን አይመልሷት። አሁን ብትመለስ «ችግሩ እኔ ጋ ነበር» የሚለው እምነቷ ሳይፈታ፣ ሸሽቶ የመውጣት ትዝታም ተጨምሮበት አብሯት ይመለሳል። መምህሯ እሺ ብላ ድልድሉን ከቀየረች፣ አንዲት ጓደኛም ካገኘች፣ እስከ መንፈቀ ዓመቱ ፈተና ድረስ ለውጥ ማየት ይገባዎታል። ትምህርት ቤቱ ችግሩን ከነጭራሹ ካልተቀበለ፣ መምህሯም ሦስቱን ደግፋ ከቆመች፣ ወይም የልጅቷ ጤና ከላይ ወደጠቀስኳቸው ምልክቶች ካዘቀዘቀ ግን መዛወሩ ሽንፈት አይደለም። ያን ጊዜም የቀድሞው ትምህርት ቤት ይሁን ሌላ፣ ከመዛወሯ በፊት አዲሷን ስም ጠሪ መምህር ቀድመው ያነጋግሩ፤ ቢያንስ አንዲት የምታውቃት ልጅ ባለችበት ሴክሽን እንድትመደብም ይጠይቁ።